ነገር ይደር፦ የይፋት ቆላ የመኝታ ሰዓት ልማድ ታሪክ

በይፋት ቆላ ከእራት እስከ መኝታ ያለው ጊዜ የራሱ ሥርዓት ነበረው። እግር ይታጠባል፣ ቡና ይፈላል፣ ጸሎት ወይም ሶላት ይደርሳል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ያላለቀ ጉዳይ ለነገ ይቀጠራል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ የንጽሕና፣ የጉርብትና፣ የእምነት ወይም የዳኝነት ጉዳይ ነው። አንድ ላይ ሲታዩ ግን ሁሉም፣ ሰው ጎኑን ከማሳረፉ በፊት የዕለቱን ሐሳብ ከራሱ ላይ የሚያወርዱለት ናቸው። እንቅልፍ እምቢ ያለውን ሰው ሌሊቱን ሲያገላብጠው የሚያድረው ብዙ ጊዜ ሐሳቡ ነው። የዛሬ ሕክምና ይህን ሐሳብ ማሳረፍ የሚያስተምረው ለአንድ ታካሚ ለብቻው ሲሆን፣ በይፋት ግን ሥራው የቤተሰብ፣ የጎረቤትና የሽማግሌ ነበር። የአካባቢው ታሪክ ሌላም ገጽ አለው፤ ስለ ይፋትና ስለ እንቅልፍ የሚናገረው የጥንት ጽሑፍ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ነገር ሳይሆን ስለሚያባርር ቅጠል ነው።

አገሩና ሌሊቱ

ይፋት ከሸዋ ደጋ ጫፍ ተነስቶ እስከ አፋር ሜዳ መግቢያ የሚወርደው ተዳፋትና ቆላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይሆናል። በደብረ ሲና በኩል ቁልቁለቱን ጨርሶ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ደጋ ላይ የደረበውን ጋቢም እዚህ ያወልቃል። መንገዱ በጀውሃና በሰንበቴ አድርጎ አጣዬ ይደርስና ወደ ካራቆሬና ወደ ከሚሴ ይቀጥላል። አጣዬ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ቀድሞ ኤፌሶን ትባል ነበር። በአካባቢው አማራ፣ አርጎባና ኦሮሞ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ በምሥራቅ በኩል አፋር ይጎራበታቸዋል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይውላል።

የቆላ ሌሊት ለእንቅልፍ አይመችም። በበጋው ማብቂያ ሙቀቱ ሰውን ከቤት ስለሚያስወጣ ቁርበትና ሰሌን ይዞ ደጅ መተኛት የተለመደ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ትንኝና ወባ ይከተላሉ። ማሽላ እሸት ከያዘበት ጊዜ አንስቶ እስኪሰበሰብ ድረስ ገበሬው ሌሊቱን ማማ ላይ ያሳልፋል። ቀን ግሪሳ ወፍና ዝንጀሮ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት ሰብሉን ይፈታተኑታል። ጠባቂው ወንጭፉን ይዞ ተራውን ሲጠብቅ ከማዶ ማማ ያለውን ጎረቤት በየጊዜው ይጣራል፤ ማዶ ያለውም ይመልሳል። መጣራቱ አውሬ ያስበረግጋል፣ ጠባቂውንም ከእንቅልፍ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለ ሌሊት እንቅልፍ የሌለበት ቢሆንም ሕመም አይባልም፤ ምክንያቱ የታወቀ ነው፣ ጓደኛም አለው፣ አዝመራው ሲገባም ያበቃል። በይፋት ታሪክ ውስጥ የነቁ ሌሊቶች አብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት ናቸው።

እንቅልፍ የሚያባርረው ቅጠል

በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዚህ ተዳፋት ላይ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ኃያል ሆነ። በ1285 እ.ኤ.አ. የሸዋን የመኽዙሚ ሱልጣኔት አስገብሮ የይፋትን ሱልጣኔት አቋቋመ። ከሸዋ ሮቢት በላይ ባሉት ኮረብቶች የሚገኙት የአስበሪ፣ የመሳልና የኖራ ፍርስራሾች፣ ከድንጋይ የተሠሩ የመስጊድ ግድግዳዎቻቸውም ጭምር፣ በዚያ ዘመን እዚህ ከተሞች እንደነበሩ ይመሰክራሉ። ሱልጣኔቱ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋ የሚወጣውን የነጋዴ መንገድ ይዞ ነበር።

ዐረባዊው ጸሐፊ አል ዑመሪ በ14ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ስለ ሐበሻ ሙስሊም አገሮች ሲጽፍ በእነዚህ አገሮች ስለሚበላ ቅጠል ይናገራል፤ ቅጠሉ ጫት ነው። እንደ እሱ አባባል ጫት ልብ ያነቃል፣ የተረሳ ነገር ያስታውሳል፣ ደስታ ይሰጣል፣ የምግብና የእንቅልፍ ፍላጎት ይቀንሳል። በተለይ የሚወዱት ዕውቀት ፈላጊዎች፣ ከባድ ሥራ ያለባቸውና ለጉዞ ነቅተው ማደር የሚሹ ናቸው። ስለ የመኑ ንጉሥ አል ሙአየድ ዳውድም አንድ ወሬ አክሎ ጽፏል፤ ንጉሡ የገዛው ከ1296 እስከ 1321 እ.ኤ.አ. ነበር። ጫትን የሚያውቅ ሰው ስለ ቅጠሉ ሲያጫውተው ንጉሡ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀ። የመብል፣ የመጠጥና የሴት ፍላጎት እንደሚቀንስ በሰማ ጊዜ፣ በዚህ ዓለም ካለው ደስታ እነዚህን የሚወስድ ነገር አልቀምስም ብሎ ተወው።

ቅጠሉ በአፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥም ይገኛል። የይፋቱ ገዢ ሰብረዲን በ1332 እ.ኤ.አ. ከንጉሡ ጋር በተዋጋ ጊዜ፣ የንጉሡን መቀመጫ መርዓዴን ይዞ በዚያ ጫት እንደሚተክል ዝቶ ነበር፤ ጸሐፊው ሙስሊሞች ይህን ቅጠል ይወዱታል ሲል ምክንያቱን ያስረዳል። ጫት በዚያ ዘመን የይፋት መለያ ለመሆን በቅቶ ነበር ማለት ነው።

ጫት በይፋትና በወሎ የያዘው ቦታ ከዱዓ ጋር የተያያዘ ነው። በሐድራና በወዳጃ ሰዎች በአንድ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ጫት ይቀርባል፣ መንዙማ ይወርዳል፣ ታላላቆች ይመርቃሉ። ነቅቶ ማደሩ የሚፈለገው ለዝክርና ለልመና ነው። የታመመ ዘመድ፣ የዘገየ ዝናብ፣ ከአገር የወጣ ልጅ፣ አንድ ሰው ብቻውን አልጋው ላይ ሊያብሰለስለው የሚችለው ሁሉ እዚያ በጉባኤ ፊት በልመና ይነገራል፤ ጉባኤውም አሜን ይላል።

ከዱዓ ውጪ ለብቻ ወይም ለጨዋታ የሚቃም ጫት መዘዙ ሌላ ነው። ቅጠሉን የሚያነቃቃ የሚያደርገው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር በ1975 እ.ኤ.አ. ተለይቶ ታውቋል፤ ሥራው ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል። ከሰዓት በኋላ በርጫ፣ ማለትም ጫት ቅሚያ፣ ላይ የተቀመጠ ሰው ምርቃናው፣ ማለትም የጫቱ መነቃቃት፣ እስከ ሌሊት ስለሚዘልቅ አልጋ ላይ ዓይኑ ፈጦ ይቀራል። ይህን ለማብረድ አንዳንዱ ጨብሲ ይላል፤ ማለትም አልኮል ጠጥቶ ምርቃናውን ይሰብራል። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይቆራርጠዋል። ጫት ያቆመ ሰው ደግሞ ዱካክ ይመጣበታል። ነቅቶ ሳለ እጅ እግሩን ማንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ ደረቱን የሚጫን ነገር ያለ ይመስለዋል። በአገሬው ዘንድ ዱካክ እንደ ክፉ መንፈስ ሲቆጠር፣ የእንቅልፍ ጥናት የሕልም እንቅልፍ ሳያልቅ ከሚመጣ መንቃት ጋር ያያይዘዋል። ሕልም ባለበት የእንቅልፍ ክፍል ጡንቻዎች ይፈታሉ፤ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ሰውነት ለጥቂት ጊዜ እንደታሰረ ይቆያል።

ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት

ከቆላው በላይ ባለው ደጋ ሌሊቱ የተከፋፈለው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነበር። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጸሎት በሚናገረው ክፍሉ ክርስቲያን በቀን ሰባት ጊዜ እንዲጸልይ ያዝዛል፤ በነግህ፣ በሠለስት፣ በቀትር፣ በተሰዓት፣ በሠርክ፣ በንዋምና በመንፈቀ ሌሊት። ስድስተኛው፣ ጸሎተ ንዋም፣ ሰው ሊተኛ ሲል የሚጸልየው ነው። ሰባተኛው ደግሞ በሌሊት እኩሌታ መነሳትን ስለሚጠይቅ፣ መነኩሴውና ካህኑ በሌሊት መንቃትን የሚያውቁት እንደ ሥራ ሰዓት ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የኖሩት የወሎው ተወላጅ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ለዚህ ጊዜ የሚሆነውን መጽሐፈ ሰዓታት ደረሱ፤ ሰዓታት የሚቆመው እስከ ዛሬ በእሳቸው ድርሰት ነው።

እንቅልፍ የሚነሳ ፍርሃትም በዚያው ዘመን ተመዝግቧል። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከይፋት በላይ ደብረ ብርሃንን ቆርቁረው በተቀመጡ ጊዜ መተትንና ጠላትን አጥብቀው ይፈሩ ነበር። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው ካህናት በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጡ ይጸልዩና ጠበል ይረጩ ነበር። ንጉሥ ፍርሃቱን የሚያስጠብቅበት ካህን ሲኖረው፣ ተራው ሰው በአንገቱ ክታብ ያስራል፣ ዳዊቱን ከራስጌው ያኖራል። ሙስሊሙም በበኩሉ ከቁርኣን የተጻፈ ክታብ ይይዛል፤ ቅዠት የሚያስቸግረው ልጅ ሲኖርም የአገሩ ሼክ ይቀሩበታል።

በሁለቱም እምነት ከመኝታ በፊት የሚደረገው ጸሎት ቁጥር አለው። ሙስሊሙ ዒሻን ሰግዶ፣ ውዱእ አድርጎ በቀኝ ጎኑ ይተኛል። አያተል ኩርሲንና የመጨረሻዎቹን አጫጭር ሱራዎች ይቀራል፤ ከዚያ ሱብሐነላህ 33 ጊዜ፣ አልሐምዱ ሊላህ 33 ጊዜ፣ አላሁ አክበር 34 ጊዜ ብሎ መቶ ይሞላል። ነብዩ ሙሐመድ ከዒሻ በፊት መተኛትን፣ ከዒሻ በኋላ ደግሞ ወሬ ማብዛትን ይጠሉ እንደነበር ሐዲስ ያስተምራል። ክርስቲያኑ አባታችን ሆይን ደግሞ፣ መቁጠሪያውን ይዞ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስን 41 ጊዜ ይላል። ጣት ከአንዱ ዶቃ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ትንፋሽ ከቃሉ ጋር ይረዝማል፤ የነገው ዕዳና የዛሬው ጠብ በዚህ መካከል ቦታ ያጣሉ።

ዓላማው አምልኮ ቢሆንም ለእንቅልፍ የሚሰጠው ጥቅም የሚገለጽ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ዌግነር በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ ሰዎች ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ሲታዘዙ ድቡ አብዝቶ እንደሚመላለስባቸው አሳየ። አታስብ ማለት አይጠቅምም፤ ሐሳቡ የሚተካበት ነገር ያስፈልጋል። በ2002 እ.ኤ.አ. አሊሰን ሃርቬይና ሱዛና ፔይን በኦክስፎርድ እንቅልፍ የሚያስቸግራቸውን ሰዎች ሲያጠኑ፣ ደስ የሚልና ሰላማዊ ቦታን በዝርዝር በዓይነ ሕሊናቸው እንዲስሉ የተነገራቸው፣ ምንም መመሪያ ካልተሰጣቸው ፈጥነው ተኙ። ሐሳብን የሚተካው ነገር የሚይዝ መሆን አለበት፤ ትርጉም የሌለው ቁጥር ብቻውን አእምሮን አይሞላም። ከልጅነት ጀምሮ የሚታወቅ ጸሎት ቁጥርም ትርጉምም አለው።

ከእራት እስከ መኝታ

የቤተሰቡ ምሽት የሚጀምረው ከብት ሲገባና እሳት ሲነድ ነው። ከእርሻ ወይም ከጉዞ የተመለሰ ሰው እግሩን በሞቀ ውሃ ይታጠባል፤ ሳፋ ሳይመጣ በፊት ውሃው የሚቀርበው በገበቴ ነበር። ለአባት ልጅ፣ ለእንግዳ የቤቱ ሴት ወይም ወጣት ታጥባለች፤ ቁርጭምጭሚቱን ታሻለች፣ ተረከዙን ትፈትጋለች፣ ሲያበቃ እግር ትስማለች፣ ተጣቢውም ይመርቃል። በ1999 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ባዜል የሚሠሩ ተመራማሪዎች እግራቸውና እጃቸው የሞቀ ሰዎች ቶሎ እንደሚተኙ አሳትመዋል። በእጅና በእግር ያሉ የደም ሥሮች ሲሰፉ ሙቀት ከሰውነት ይወጣል፣ የውስጥ ሙቀት ዝቅ ይላል፣ ይህም ለእንቅልፍ በር ይከፍታል። ባዶ እግሩን በኮረት ሲሄድ ለዋለ ገበሬ እግር መታጠብ ከዚህ ሌላ የቀኑ ሥራ ማለቁን ያስታውቃል።

ከእራት በኋላ ልጆች እሳት ዳር ይሰበሰባሉ። እንቆቅልሽ ይጠያየቃሉ፤ አያት ተረት ትጀምራለች፣ ልጆቹም እየተቀበሉ አንድ በአንድ በመደቡ ላይ ይተኛሉ። ሕፃኑ በጀርባ ታዝሎ በእሹሩሩ ይባባላል። ተረቱ አዲስ መሆን አይጠበቅበትም፤ መጨረሻውን የሚያውቅ ልጅ አይጨነቅም።

የምሽት ቡና ታሪክ አጠር ያለ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት የመን ውስጥ ሱፊዎች ቡናን የወደዱት ለሌሊት ዝክር ነቅተው ለመቆየት ነበር። በይፋትም ቡና ለረጅም ጊዜ የሙስሊሙ መጠጥ ሆኖ ኖረ። የሸዋ ክርስቲያኖች እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ቡናን ከጫትና ከትምባሆ ጋር ቆጥረው ይርቁት ነበር፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ግን ልማዱ ተለወጠ፣ ቡናም የሁሉም ሆነ። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን እኩሌታው ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ ምሽት ላይ የሚጠጣ አቦል እንቅልፍ ማዘግየቱ አይቀርም። የምሽቱ ቡና ጥቅም ከጀበናው ይልቅ ከስኒው ዙሪያ ካለው ጨዋታ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ጎረቤት ይነጋገራል፤ የጠፋች ላም፣ የታመመ ልጅ፣ የጨመረ የበርበሬ ዋጋ ይነሳል። ችግሩ ባይፈታ እንኳ ከአንድ ሰው ራስ ወጥቶ የጋራ ይሆናል። በረካ ላይ ምርቃት ተከትሎ ስኒው ሲሰበሰብ ወሬውም አብሮ ይሰበሰባል።

ይደር የሚባለው ነገር

ከሐሳብ ሁሉ እንቅልፍ የሚነሳው ያልተቋጨ ጠብ ነው። በይፋትና በአጎራባቹ ወሎ ጠብን የሚይዙ ተቋማት ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። አማራው ዘንድ ሽምግልና፣ በደቡብ ወሎና በአጎራባቹ ቆላ ደግሞ በአፋር፣ በኦሮሞና በአማራ መካከል ለሚነሳ የግጦሽና የደም ጠብ የአበጋሮች ዕርቅ ይታወቃል። ሽማግሌዎች ዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሁለቱን ወገን ያደምጣሉ፤ ካልተቋጨ ነገር ይደር ይላሉ። ቀን ይቆረጣል፣ ተያዥ ይጠራል፣ ባለ ጉዳዮቹ እስከ ቀጠሮው ድረስ ላለመድረስ፣ ላለመነካካት ቃል ይገባሉ።

ቀጠሮ ለዳኝነት የተበጀ ሥርዓት ቢሆንም የሌሊቱን ሐሳብ ያቀልላል። ነገሩ ሰዓትና ቦታ ተሰጥቶታል፣ ምስክር አለው፣ ዛሬ ማታ የሚደረግ ምንም ነገር የለም። በ1983 እ.ኤ.አ. ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ለሚጨነቁ ሰዎች ያቀረቡት ዘዴ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ በየቀኑ በተወሰነ ቦታና ሰዓት ለጭንቀት ብቻ ግማሽ ሰዓት ይመደባል፣ በሌላ ጊዜ የሚመጣ ሐሳብ ወደዚያ ሰዓት ይተላለፋል። ማይክል ስካሊን የመራውና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ደግሞ ከመተኛታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ የነገ ሥራቸውን ዝርዝር የጻፉ ወጣቶች ያከናወኑትን ሥራ ከጻፉት ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ቀድመው እንደተኙ አሳይቷል። ያላለቀ ነገር መቀመጫ ሲያገኝ አእምሮ እሱን እየደጋገመ ከማንሳት ያርፋል።

ዕርቅ ከቀጠሮም ይበልጣል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚለው ተረት ቂመኛ በጸሎቱ እንደማይጠቀም ይናገራል። ባልና ሚስት ሲጋጩ ከመኝታ በፊት የጋብቻ ሽማግሌ ወይም የነፍስ አባት ይጠራ ነበር፤ ሙስሊሙ ደግሞ የአካባቢውን ሼክ ይጠራል። ይህ ሥርዓት ጥቅምም ጉዳትም ነበረው። ለዕርቅ ሲባል በደሏን ውጣ እንድትተኛ የተደረገች ሴት ጥቂት አይደለችም፤ የጎረቤት ሰላም የሁሉንም ሰው እንቅልፍ እኩል አልጠበቀም።

አስፋልትና አምፖል

የይፋትን ምሽት የለወጠው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተሠራው መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አስመራ የሚወስደው ይህ መንገድ ጣርማ በር ላይ ተራራውን በዋሻ ሰንጥቆ ወደ ቆላው ወረደ። በግመልና በበቅሎ በየሰፈሩ እያደረ ይጓዝ የነበረው ጭነት በካሚዮን ሆነ። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና ካራቆሬ የመንገድ ዳር ከተሞች ሆነው አደጉ። አልጋ የሚያከራይ ቤት፣ ሌሊት ክፍት የሆነ ሻይ ቤት፣ ጎማ የሚለጥፍ፣ ጫት የሚሸጥ በየመንገዱ ዳር ተሰለፈ።

በዚህም አዲስ ዓይነት ንቁ ሌሊት መጣ። አል ዑመሪ ለመንገደኛ ያለው ቅጠል ለካሚዮን ሹፌር ሆነ። ሹፌሩ ግን እንደ ማማ ጠባቂው ማዶ የሚመልስለት የለውም፤ ሥራውም በወቅት አያበቃም። መብራት ሲገባ የምሽቱ እሳት ዳር ጨዋታ በራዲዮ፣ ኋላም በቴሌቪዥን ተተካ። በመጨረሻ የመጣው የእጅ ስልክ ደግሞ ወሬውን ከጎረቤት ስኒ ወደ ትራስጌ አመጣው፤ ምርቃትና ስኒ መሰብሰብ የሌለው ወሬ መቼ እንደሚያበቃ አይታወቅም።

መሬትና ጦርነት እንቅልፍ የነሱባቸው ዓመታት

ልማዱ ሁሉ ቤቱ እንደሚቆምና መንደሩ ሰላም እንደሚያድር ታሳቢ ያደርጋል። ይህ ተስፋ በአጣዬ አካባቢ በቅርብ ዘመን ደጋግሞ ፈርሷል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሳ፤ ትልቁ ግንቦት 24 ቀን ደረሰ። መጀቴ ፈረሰች፣ ካራቆሬ ክፉኛ ተጎዳች፣ የአስፋልቱ መንገድ ተሰነጣጠቀ። ተከታዮቹ ንዝረቶች ለወራት ስለቀጠሉ ሰው ከጣሪያ ሥር መተኛት ፈራ። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌና ከዶፈን አካባቢ የተነሱት ተከታታይ ንዝረቶች ያንን ፍርሃት እንደገና ቀሰቀሱት።

በ2011 ዓ.ም. በአካባቢው ግጭት ተነሳ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የተፈጸመው ጥቃት አጣዬን አቃጥሎ ነዋሪዋን በተነ፤ አካባቢው በኮማንድ ፖስት ሥር ገባ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደረሰ። የተፈናቀለው ሰው ደብረ ብርሃንና ሌሎች የደጋ ከተሞች ገባ። በመጠለያ እግር የሚታጠብበት፣ ቡና የሚፈላበት ቤት የለም፤ ይደር የሚል ሽማግሌም ተበትኗል። እንዲህ ዓይነት መከራ ያየ ሰው ሌሊት በጥቂት ኮሽታ ይነቃል፣ ያየውን በሕልሙ ይደግማል፣ መተኛትን ራሱን ይፈራል። ይህ በሕክምና ከድንጋጤ በኋላ የሚመጣ ጭንቀት ዋና ምልክት ነው፤ የመኝታ ልማድ ብቻውን አያድነውም።

ከክኒን ወደ ልማድ

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕመምን የሚያክመው ቀዳሚ ተቋም በጣሊያን ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ለአሥርተ ዓመታት ከይፋት ለከባድ ሕመም የሚሄድ ሰው ጠበልን ወይም ሼኩን ሞክሮ፣ ካልሆነለት አማኑኤል ይደርስ ነበር። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የተሠራበት ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱን ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ወረዳ ሆስፒታል ለማውረድ አቀደ።

ለእንቅልፍ ማጣት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ክኒን ነበር። በ1963 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ዳያዜፓምና ዘመዶቹ ለጥቂት ሌሊት ያስተኛሉ፣ ሲቆይ ግን ሰውነት ይለምዳቸዋል፣ ሲቋረጡም እንቅልፍ ማጣቱ ብሶ ይመለሳል። ስለዚህ ሕክምናው ወደ ልማድ ዞረ። ኤድመንድ ጃኮብሰን በ1929 እ.ኤ.አ. ጡንቻን አንድ በአንድ አጥብቆ መልቀቅን አስተማረ። ሪቻርድ ቡትዚን በ1972 እ.ኤ.አ. አልጋ ለእንቅልፍ ብቻ እንዲሆን፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ተነስቶ ድካም ሲሰማው ብቻ እንዲመለስ አዘዘ። አርተር ስፒልማን በ1987 እ.ኤ.አ. አልጋ ላይ የሚጠፋውን ረጅም ጊዜ ማሳጠር እንቅልፉን እንደሚያጠብቀው አሳየ። እነዚህ ከሐሳብ ማስተካከያ ጋር ተጣምረው የሚሰጡት ሕክምና በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ ለሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት እንዲሞከር ተመክሯል። ሥር የሰደደ የሚባለው በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት፣ ለሦስት ወር የዘለቀው ነው።

ሕክምናው ከይፋት ምሽት ጋር የሚገናኝባቸው ነጥቦች ግልጽ ናቸው፤ የታወቀ የመኝታ ሰዓት፣ ለሰውነት የሥራ ማብቂያ ምልክት፣ ለሐሳብ ቀጠሮ፣ ለምላስና ለትንፋሽ የሚደጋገም ቃል። የሚለያዩባቸውም አሉ። የምሽት ቡናና የምሽት ጫት በሕክምናው ዓይን ይከለከላሉ፤ ሌሊት ሰዓታት ቆሞ ያደረ ሰውም ለማረፍ ሌላ ጊዜ መፈለግ አለበት። ሕክምናው ለግለሰብ የተሰፋ ሲሆን የይፋቱ ልማድ ከቤተሰብና ከጎረቤት ውጪ አይቆምም። በአጣዬ ከእሳት በኋላ ቤቱን የሠራ ሰው እንቅልፉን የሚያገኘው ክኒን ወይም ምክር ስላገኘ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱ ሲመለስ፣ ሽማግሌው እንደገና ቀጠሮ መስጠት ሲችልና ሌሊቱን ማማ ላይ የሚጠብቀው ማሽላውን ብቻ ሲሆን ጭምር ነው።